መግነጢሳዊ ልዩ ከዋክብትን ከሰማይ ቅኝት መረጃ እንዴት እናገኛለን? ደረጃ በደረጃ

ከድሬዳዋና ከሐረር የፊዚክስ ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል፦ «ቴሌስኮፕ የለንም፤ ያለን አንድ ላፕቶፕና የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ነው። እስካሁን ማንም ያልመዘገበው ተለዋዋጭ ኮከብ ማግኘት እንችላለን ወይ?» አዎ፣ ትችላላችሁ። ለጀማሪ ከሚመቹት ዓይነቶች አንዱ በተለዋዋጭ ከዋክብት መዝገብ «ኤሲቪ» ተብሎ የሚታወቀው ነው፤ ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክና ያልተለመደ የንጥረ ነገር ክምችት ያለው ኮከብ ማለት ነው። የሚመቸውም ብርሃኑ በአንድ ቋሚ ዑደት ስለሚለዋወጥና የግራፉ ቅርጽ ለዓመታት ስለማይቀየር ነው። ሌሎች ከዓመታት በፊት ያነሱት መረጃ ዛሬም ይሠራል።

ከመነሻው አንድ ነገር ልብ በሉ። ዑደት ማግኘት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ፕሮግራሙ ለማንኛውም ኮከብ አንድ ቁጥር አያጣም። ድካሙ ያለው ቁጥሩ እውነተኛ መሆኑን፣ ከጎረቤት ኮከብ ሳይሆን ከዚያው ኮከብ የመጣ መሆኑን፣ እንዲሁም የሽክርክሪት ዑደት መሆኑን በማረጋገጥ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች አብዛኞቹ የማጣራት ሥራ የሆኑት ለዚህ ነው።

የምንፈልገው ኮከብ ምን ይመስላል?

እነዚህ ከዋክብት ከፀሐይ ይልቅ ይሞቃሉ፤ በስፔክትረም ምድባቸው ከቢ እስከ ኤፍ መጀመሪያ ያሉ ናቸው። መግነጢሳዊ መስካቸው ከጥቂት መቶ ጋውስ ተነስቶ እስከ አሥር ሺዎች ይደርሳል፤ ኤችዲ 215441 የተባለው ኮከብ ወደ 34 ሺህ ጋውስ የሚጠጋ መስክ አለው። መስኩ የኮከቡን የላይኛውን ንብርብር ስለሚያረጋጋ ሲሊከን፣ ክሮሚየም፣ ስትሮንሺየም፣ ዩሮፒየም የመሳሰሉት ፊት ላይ እንደሚወጣ ማድያት በቦታ በቦታ ይከማቻሉ። ማድያቱ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ውጦ ጉልበቱን በሚታየው ብርሃን መልሶ ያወጣል። ኮከቡ ሲሽከረከር ማድያቱ ወደ እኛ ይዞራል፣ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ የምንለካው መዋዠቅ ይኸው ነው። ከፀሐይ ጥቁር ነጠብጣብ ጋር አታምታቱት፤ ይህ ቀዝቃዛ ቦታ አይደለም፣ በወራት ውስጥም አይጠፋም።

በልምድ የምትጠብቁት ቁጥር፦ ዑደቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 10 ቀን፣ መዋዠቁ ከ0.01 እስከ 0.1 ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል)። መግነጢሳዊ ሆኖ የማይዋዥቅም አለ። የሽክርክሪት ምሰሶው ወደ እኛ የዞረ ኮከብ ማድያቱን ሁልጊዜ እኩል ስለሚያሳየን ለውጥ አይታይበትም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ራም ያለው ላፕቶፕ። አሮጌም ይሁን ይበቃል።
• ጃቫ የተጫነበት፣ ምክንያቱም ቪስታር፣ ቶፕካትና አላዲን የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች በእሱ ላይ ይሠራሉ። ቪስታር ለዑደት ፍለጋ፣ ቶፕካት ለሠንጠረዥ፣ አላዲን ለሰማይ ምስል።
• ፔሪዮድ04፤ ይህም ነፃ ነው፤ ብዙ ድግግሞሽ ለያይቶ ለማየት ከቪስታር ይሻላል። ፓይተን የምትችሉ ከሆነ ላይትከርቭና አስትሮፓይ ሁሉንም ይተካሉ።
• ኢንተርኔት። የአንድ ኮከብ የብርሃን መረጃ በጽሑፍ ፋይል ከአንድ ሜጋባይት በታች ነው፤ ቴስ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ቁራጭ ምስል ግን ጥቂት ሜጋባይት ይበላል። ማውረዱን ለሌሊት ጥቅል አቆዩት፣ ትንተናውን ቀን ላይ ያለ ኢንተርኔት ሥሩ።
• አንድ ደብተር ወይም የሒሳብ ሠንጠረዥ። ለእያንዳንዱ ኮከብ አንድ መስመር፦ ስም፣ መጋጠሚያ፣ ከየት እንደወረደ፣ ምን እንደተቆረጠ፣ ለምን እንደተጣለ። የተጣለውን አለመጻፍ ከሁለት ወር በኋላ ያንኑ ኮከብ እንደገና ያሠራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ረጅም ስሌት ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን አስቀምጡ፤ ፔሪዮድ04 ፕሮጀክቱን በራሱ አያስቀምጥላችሁም። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ የቀትር ሙቀት ላፕቶፑን ያዘገየዋል። ስሌቱን ማታ ወይም ማለዳ አስኪዱ፣ የማሽኑን ሥር አየር እንዲያገኝ ከፍ አድርጉት።

ደረጃ 1፦ በሚታወቅ ኮከብ ተለማመዱ

ቪኤስኤክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የተለዋዋጭ ከዋክብት መዝገብ ውስጥ ዓይነታቸው ኤሲቪ፣ ብርሃናቸው ከ11 እስከ 12.5 ማግኒቲውድ፣ ዑደታቸው ከ1 እስከ 10 ቀን የሆኑ አሥር ከዋክብት ምረጡ። ዑደቱን በወረቀት ጽፋችሁ ወደ ጎን አድርጉት፤ ከዚያ ከደረጃ 4 እስከ 9 ያለውን ሠርታችሁ ውጤታችሁን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ከአሥሩ ስምንቱን ካልመታችሁ ወደ አዲስ ኮከብ አትሂዱ። ስህተታችሁ ግማሽ ዑደት ወይም የአንድ ቀን ሐሰተኛ ዑደት ሊሆን ይችላል፤ ይህን በሚታወቅ ኮከብ ላይ ማየት በማይታወቅ ላይ ከመሳሳት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ የዕጩዎች ዝርዝር አዘጋጁ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በስፔክትረም ልዩ መሆናቸው ከታወቀ ከዋክብት ተነስቶ መዋዠቅ መፈለግ ነው። ሁለተኛው ከሚዋዥቁት ተነስቶ ልዩ የሆነውን መፈለግ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያው ይጀምር፤ ግማሹ ማስረጃ አስቀድሞ በእጁ ነውና።

ቪዚየር ከተባለው የካታሎግ ማከማቻ ሁለት ነገር አውርዱ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሬንሰንና የማንፍሯ ካታሎግ ነው፤ 8205 ከዋክብት አሉበት፣ ግን ብዙዎቹ ደማቅ ናቸው፣ መግነጢሳዊ ያልሆኑ ዓይነቶችም ተቀላቅለውበታል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2020 ላሞስት በተባለው የቻይና ቴሌስኮፕ ስፔክትረም ተለይተው የታተሙት 1002 መግነጢሳዊ ልዩ ከዋክብት ናቸው። እነዚህ ደብዘዝ ስለሚሉ ለመሬት ቅኝቶች የበለጠ ይመቻሉ።

እያንዳንዱን በመጋጠሚያው፣ በስሙ ሳይሆን፣ በቪኤስኤክስ ውስጥ በ1 አርክ ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስልሳኛ፤ አርክ ሰከንድ ደግሞ የእሱ አንድ ስልሳኛ ነው) ክብ ፈልጉ። ስም የሚያሳስተው አንድ ኮከብ በየካታሎጉ ሌላ ስም ስላለው ነው፤ ሰፋ ያለ ክብ የሚያስፈልገው ደግሞ የድሮ ቅኝቶች መጋጠሚያ ትክክል ስላልሆነ ነው። ያልተመዘገበውን ያዙ። «ተለዋዋጭ» ተብሎ ብቻ ያለ ዑደት የተመዘገበውንም አትጣሉት፤ ትክክለኛ ዑደትና ዓይነት ማስገባት ከአዲስ ግኝት አያንስም።

ደረጃ 3፦ ቀለሙንና ርቀቱን መርምሩ

ጋያ ከተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሦስተኛ መረጃ ላይ ፓራላክሱን (ርቀት የሚሰላበትን የኮከቡን ጥቃቅን የቦታ መዛወር)፣ የጂ ማግኒቲውዱንና ቢፒ−አርፒ የተባለውን ቀለም ውሰዱ። የአቧራ ማቅላት ከተቀነሰ በኋላ ቀለሙ በግምት ከ−0.3 እስከ +0.4 መካከል ካልሆነ ኮከቡ ለምድቡ ወይ ይቀዘቅዛል ወይ ይሞቃል፤ ጣሉት። ቅነሳውን አትዝለሉት። የድሬ አቧራ የምትጠልቀውን ፀሐይ እንደሚያቀላው ሁሉ በጋላክሲያችን ሜዳ ያለው አቧራም ሰማያዊውን ኮከብ ቢጫ ያስመስለዋል። ሳታርሙ ከቆረጣችሁ ጥሩ ጥሩዎቹን ትጥላላችሁ።

ቀጥሎ እውነተኛ ብርሃኑን አስሉ። ርቀት በፓርሴክ = 1000 ÷ ፓራላክስ በሚሊ አርክ ሰከንድ። ለምሳሌ ፓራላክሱ 2 ከሆነ ርቀቱ 500 ፓርሴክ ነው፤ ለዚህ ርቀት የሚቀነሰው 8.5 ማግኒቲውድ ነው። ኮከቡ 9.5 ቢሆን፣ አቧራው 0.3 ቢበላ፣ 9.5 − 8.5 − 0.3 = 0.7 ይወጣል። ይህ በኤ ምድብ መጀመሪያ አካባቢ ላለ ተራ ኮከብ የሚገባ ቁጥር ነው። +4 ወይም +9 ከወጣ ሌላ ዓይነት ኮከብ ይዛችኋል፤ −4 ከወጣም ግዙፍ ኮከብ ነው፣ የእኛ አይደለም።

ደረጃ 4፦ ጎረቤቶቹን ቁጠሩ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ የተሳሳተ ግኝትም ከዚህ ይመጣል። የቴስ አንድ ፒክስል 21 አርክ ሰከንድ፣ አሳስ-ኤስኤን የተባለው የመሬት ቅኝት ደግሞ 8 አርክ ሰከንድ ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ ያሉ ከዋክብት ሁሉ ብርሃናቸው ተደባልቆ ይለካል።

በጋያ ውስጥ በኮከቡ ዙሪያ 60 አርክ ሰከንድ ፈልጉ፤ ከእሱ እስከ 5 ማግኒቲውድ የሚደበዝዙትን ሁሉ ጻፉ። 5 ለምን? አንድ ምሳሌ ውሰዱ። በ4 ማግኒቲውድ የሚያንስ ጎረቤት ከጠቅላላው ብርሃን 2.5 በመቶ ያህሉን ይሰጣል። ይህ ጎረቤት ተጋራጅ ጥንድ (እየተዟዟሩ አንዱ ሌላውን የሚጋርዱ ሁለት ከዋክብት) ሆኖ ግማሽ ብርሃኑን ቢያጣ፣ ዋናው ኮከብ 0.013 ማግኒቲውድ የዋዠቀ ይመስላል፤ ልክ እኛ የምንፈልገው መጠን። ጎረቤት ካለ የቴስን ቁራጭ ምስል አውርዳችሁ መዋዠቁ በየትኛው ፒክስል ላይ እንደሚበረታ እዩ። የሚበረታው ወደ ጎረቤቱ ከሆነ ግኝቱ የጎረቤቱ ነው።

ደረጃ 5፦ እንደ ብርሃኑ መጠን ቅኝቱን ምረጡ

• ከ7 እስከ 11 ማግኒቲውድ፦ ቴስና አሳስ-3። አሳስ-3 በቺሊ ሆኖ የደቡቡን ሰማይና የሰሜኑን እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ይዟል።
• ከ11 እስከ 14፦ አሳስ-ኤስኤን፣ ከቴስ ጋር።
• ከ13 በላይ የሚደበዝዝ፦ ዜድቲኤፍ የተባለው የካሊፎርኒያ ቅኝት። በአረንጓዴና በቀይ ማጣሪያ ስለሚለካ ቀለም ለማወዳደር ይጠቅማል።

ድምቀቱ ከቅኝቱ አቅም ካለፈ ካሜራው ይሞላል። ዘጠነኛ ማግኒቲውድ ኮከብ ከአሳስ-ኤስኤን ብታወርዱ መረጃ ይሰጣችኋል፣ ዑደትም ታገኙበት ይሆናል፤ ነገር ግን የጨረቃን ወይም የካሜራውን ዑደት ነው የምታገኙት።

ከቴስ ስትወስዱ ይህን ተጠንቀቁ፦ ለፕላኔት ፍለጋ የተስተካከለው ግራፍ ቀስ ብሎ የሚለዋወጠውን ሆን ብሎ ይደመስሳል። የእኛ ኮከብ የሚለዋወጠው ቀስ ብሎ ነው። ያልተስተካከለውን፣ በቀጥታ ከፒክስሎቹ የተደመረውን ብርሃን ውሰዱ። በተስተካከለው ላይ ጠፍጣፋ መስመር አይታችሁ «አይዋዥቅም» ብላችሁ አትጻፉ።

ደረጃ 6፦ መረጃውን አጽዱ

ሀ. አሳስ-ኤስኤን ኮከቡን ባላየባቸው ምሽቶች «ከዚህ ይደበዝዛል» የሚል ወሰን ይጽፋል፤ ቁጥሩ ፊት ምልክት አለው፣ ስህተቱም 99.99 ተብሎ ይሞላል። እነዚህን በሙሉ አውጡ፤ አንድ ካመለጠ ስሌቱን ያበላሻል።

ለ. በየካሜራው ለዩት። አንዱ ካሜራ ከሌላው በ0.02 ወይም 0.03 ቢለይ ከምትፈልጉት መዋዠቅ ሊበልጥ ይችላል። የእያንዳንዱን ካሜራ አማካይ እሴት ቀንሱና ወደ አንድ መስመር አምጧቸው። ልዩ ሁኔታ አለ፦ አንድ ካሜራ ከ50 ያነሰ ነጥብ ካለው፣ ወይም ዑደቱ ከ50 ቀን ሊበልጥ ይችላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ቅነሳው እውነተኛውን ለውጥ ይበላል። ያን ካሜራ ተዉት።

ሐ. የራቁ ነጥቦችን ከመቁረጣችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ወደ ድብዘዛ በኩል የራቁት ነጥቦች በአንድ ዑደት ላይ ከተሰለፉ ግርዶሽ ናቸው፤ ቆርጣችሁ ጥላችሁ ተጋራጁን ጥንድ ኤሲቪ አታድርጉት።

መ. ጊዜውን አንድ አድርጉ። ቴስ የሚጽፈው ከጁሊያን ቀን (የሥነ ፈለክ ሰዎች ቀንን ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ የሚቆጥሩበት ቁጥር) ላይ 2457000 ቀንሶ ነው፤ አንዳንድ ቅኝት 2400000.5 ይቀንሳል። ሳታስተካክሉ ብትደባልቋቸው ግራፉ ፍርስርስ ይላል። በደብተራችሁም ቀኑን በጁሊያን ቀን ብቻ ጻፉ። የጁሊያን ቀን የሚለወጠው በግሪንዊች እኩለ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ጽፎ በኋላ መመለስ የስድስት ሰዓት፣ የሦስት ሰዓትና የሰባት ዓመት ስህተት በአንድ ላይ ይጋብዛል።

ደረጃ 7፦ ዑደቱን ፈልጉ

በቪስታር ወይም በፔሪዮድ04 ከ0.01 እስከ 10 ድግግሞሽ በቀን ፈልጉ። የእኛ ኮከብ ከ2 በታች ይሆናል፤ ግን እስከ 10 ማየት የሌላ ዓይነት ምልክት ካለ ያጋልጠዋል። የፍለጋው እርምጃ የመረጃው ጠቅላላ ርዝመት አሥር እጥፍ ግልባጭ ይሁን፦ 2000 ቀን ከሆነ 0.00005። እርምጃው ከሰፋ እውነተኛው ጫፍ (በፍለጋው ግራፍ ላይ ጎልቶ የሚወጣው ድግግሞሽ) በሁለት እርምጃ መካከል ያመልጣችኋል።

ከጫፉ ቁመት ይልቅ ከአካባቢው ጫጫታ ጋር ያለው ንጽጽር ይበልጣል፤ ከ4 እጥፍ ካልበለጠ አትመኑት። ምን ያህል ትንሽ መዋዠቅ ማየት እንደምትችሉ አስቀድማችሁ መገመት ትችላላችሁ፦ የአንድ ነጥብ ስህተት 0.02፣ የነጥቦች ብዛት 400 ከሆነ በመዋዠቁ ላይ የሚኖረው ስህተት 0.0014 ያህል ነው። ስለዚህ 0.01 በግልጽ ይታያል፤ 0.003 ግን ከጫጫታው አይለይም፣ ጊዜ አታጥፉበት።

ከ1 ቀን፣ ከ0.5 ቀን፣ ከ29.5 ቀን ወይም ከአንድ ዓመት ጋር የሚገጥም ዑደት ሲወጣ መጀመሪያ የኮከቡ አይደለም ብላችሁ ጀምሩ። ሌሊቱ፣ ጨረቃዋና ወቅቱ ናቸው የሚናገሩት።

ደረጃ 8፦ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለዩ

የመሬት ቴሌስኮፕ የሚያየው ማታ ማታ ብቻ ነው። በመካከል ባለው ቀን ኮከቡ አንድ ጊዜ ዞሮ ይሁን ሁለት ጊዜ መረጃው አይነግረንም። ስለዚህ እውነተኛው ድግግሞሽ ላይ 1 የተደመረበትና ከ1 የተቀነሰው ሐሰተኛ ጫፎች አብረው ይወጣሉ። ዑደቱ 1.30 ቀን ቢሆን ድግግሞሹ 0.769 ነው። ከ1 ሲቀነስ 0.231፣ ማለትም 4.33 ቀን፤ ሲደመር 1.769፣ ማለትም 0.565 ቀን። ሦስቱም የሚያምር ግራፍ ይሰጣሉ። አሳስ-ኤስኤን በሃዋይ፣ በቺሊ፣ በቴክሳስና በደቡብ አፍሪካ ጣቢያ ስላለው ችግሩ ይቀንስለታል፤ አሳስ-3 ግን ከአንድ ቦታ ስለሆነ በእሱ ብቻ አትወስኑ።

መፍትሔው ሁለት መረጃ ማጋባት ነው። ቴስ በአንድ ጊዜ 27 ቀን ያህል ሳያቋርጥ ስለሚያይ የቀንና የሌሊት ችግር የለበትም፦ ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ነገር ግን 27 ቀን አጭር ነው፤ አሃዙን በትክክል አይሰጥም። የመሬቱ ቅኝት ደግሞ ለዓመታት ስለዘለቀ አሃዙን ይሰጣል። ጫፉን በቴስ ምረጡ፣ አሃዙን በመሬቱ አጥሩ።

ምን ያህል አሃዝ? ዑደቱ 2.5 ቀን፣ መረጃው 2000 ቀን ከሆነ ኮከቡ 800 ጊዜ ዞሯል። ዑደቱን በ0.001 ቀን ብትሳሳቱ በ800 ዙር 0.8 ቀን ይከማቻል፤ የመጀመሪያው ዓመት ግራፍ ከመጨረሻው በዑደቱ ሲሶ ይንሸራተታል። በ0.0001 ከሆነ 0.08 ቀን ነው፣ እምብዛም አይታይም። ስለዚህ ቢያንስ አራት አሃዝ ከነጥብ በኋላ።

የሚያስቸግረው የ1.5 ቀን ጉዳይ ነው። የእሱ ሐሰተኛ ጫፍ ወደ 3 ቀን ይጠጋል፤ እጥፉም 3 ቀን ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ቴስ ብቻ ነው፤ ቴስ ከሌለ ኮከቡን አቆዩት።

ደረጃ 9፦ ግማሽ ዑደት እንዳትይዙ

ብዙዎቹ መግነጢሳዊ ከዋክብት በሁለቱ ምሰሶ አካባቢ ማድያት ስላላቸው በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይደምቃሉ። 4 ቀን የሚዞረው ኮከብ በፕሮግራሙ 2 ቀን ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ያገኛችሁትን ዑደት ሁልጊዜ በ2 አባዙና መረጃውን በእሱ እጠፉት፤ ማለትም ዙሮቹን ሁሉ በአንድ ዙር ላይ ደርቧቸው። ሁለቱ ጉብታዎች በቁመት ወይም በቅርጽ ከስህተታቸው 3 እጥፍ በላይ ከተለያዩ ረጅሙ ነው እውነቱ። ፍጹም እኩል ከሆኑ አጭሩን ያዙ፣ በማስታወሻው ላይ ግን «እጥፉም ሊሆን ይችላል» ብላችሁ ጻፉ።

በአጭሩ በኩል ደግሞ ተፈጥሮ ድንበር አላት። በኮከቡ ወገብ ላይ ያለው ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰከንድ = 50.6 × በፀሐይ የተለካ ራዲየስ ÷ ዑደት በቀን። ራዲየሱ 2.5 የሆነ ኮከብ በ0.5 ቀን ቢዞር 253 ይሆናል፤ ይቻላል። በ0.25 ቀን ቢዞር ግን 506 ነው፤ የኮከቡ ስበት ራሱን አንድ ላይ ሊይዝ አይችልም። ከ0.5 ቀን በታች ካገኛችሁ ወይ ሐሰተኛ ጫፍ ነው፣ ወይ እጥፉን ፈልጉ፣ ወይ የሚርገበገብ ኮከብ ነው።

ደረጃ 10፦ ሌሎቹን ዓይነቶች አስወግዱ

ያገኛችሁትን ሞገድና እጥፍ ድግግሞሹን ከመረጃው ቀንሱና የተረፈውን ፈልጉ። የኤሲቪ ግራፍ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ሞገዶች ያልቃል። ከተረፈው ውስጥ፦

የማይዛመዱ ሌሎች ድግግሞሾች በ0.3 እና በ3 ቀን መካከል ከወጡ በቀስታ የሚርገበገብ ኮከብ ነው፤ ኤሲቪ አይደለም። ከመጀመሪያው ጫፍ አጠገብ ሌላ ጫፍ ከቀረ ነጠብጣቡ ቦታ ወይም መጠን ይለውጣል ማለት ነው፤ ይህ የቀዝቃዛ ከዋክብት ጠባይ ነው፣ ምናልባትም የጎረቤት። በቀን ከ5 በላይ የሆኑ ጫፎች የፈጣን ርግብግቢት ምልክት ናቸው። በቴስ የ2 ደቂቃ መረጃ ላይ ከ5 እስከ 24 ደቂቃ የሚሆን እጅግ ትንሽ ርግብግቢት ከታየ ግን አትጣሉት፤ አንዳንድ መግነጢሳዊ ከዋክብት ይህን ያሳያሉ፣ ለብቻው ሊመዘገብ የሚገባው ነው።

ቅርጹንም እዩ። ጠባብና ስለታም ጎድጓዳ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ አናት ካለው ግርዶሽ ነው። የኤሲቪ መስመር ለስላሳ ነው።

ጽናቱን ለመፈተን መረጃውን በዓመታት ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ በአንድ ዑደትና በአንድ መነሻ እጠፉ። ሦስቱም ግራፎች እርስ በርሳቸው መደራረብ አለባቸው። ካልተደራረቡ መጀመሪያ ዑደቱን እንደገና አጥሩ፤ ከዚያም በኋላ ካልገጠሙ ኮከቡ ኤሲቪ አይደለም። ይህ ፈተና በእኛ ዘንድ ከሁሉም ይበልጣል፤ ቀዝቃዛ ነጠብጣብ ያለው ኮከብ ለዓመታት አያልፈውም።

በሁለት ማጣሪያ ያለ መረጃ ካላችሁ መዋዠቁን አወዳድሩ። በአንዱ ሲደምቅ በሌላው የሚደበዝዝ ከሆነ ጠንካራ ምልክት አግኝታችኋል፤ ማድያቱ ብርሃንን ከአንድ ቀለም ወደ ሌላ ስለሚያሸጋግር ነው። ይህን አለማየት ግን ኮከቡን አያስጥልም፤ ብዙዎቹ በሁሉም ቀለም አብረው ይዋዥቃሉ።

ደረጃ 11፦ ስፔክትረሙን አንብቡ

ያለ ስፔክትረም «ኤሲቪ» ብሎ መጻፍ ግምት ነው። በደረጃ 2 ከካታሎግ የመጣ ኮከብም ቢሆን ራሳችሁ እዩት፤ ከላሞስት የሕዝብ መረጃ በነፃ ይወርዳል። የምታዩት በአንግስትሮም፦

• 4077 ላይ ስትሮንሺየም፤ 4216 ላይም ካለ ይረጋገጣል። 4077 ብቻውን ከክሮሚየም ጋር ስለሚደባለቅ አይበቃም።
• 4128 እና 4131 ላይ ሲሊከን፤ ኮከቡ ሲሊከናዊ ከሆነ 3856 እና 3862ም ይጠነክራሉ።
• 4172 አካባቢ ክሮሚየም፣ 4205 ላይ ዩሮፒየም።
• በ5200 ዙሪያ ሰፋ ያለ ጎድጓዳ። ለመግነጢሳዊነት ከሁሉ የታመነ ምልክት ይህ ነው።

ለማነጻጸር ተመሳሳይ ቀለም ያለው ተራ ኮከብ ስፔክትረም ጎን ለጎን ክፈቱ። ብቻውን የታየ መስመር ሁሉ ጠንካራ ይመስላል።

ሁለት ዓይነቶች ያሳስታሉ። 3984 ላይ ሜርኩሪ የሚያሳየው የሜርኩሪ-ማንጋኒዝ ኮከብ፣ እንዲሁም የካልሲየም ኬ መስመሩ የደከመና ሌሎች ብረታ ብረቶች የበዙበት ኤኤም የተባለው። ሁለቱም ልዩ ናቸው፤ ነገር ግን እንደ እኛዎቹ ጠንካራና የተደራጀ መግነጢሳዊ መስክ አይታይባቸውም።

ላሞስት የደቡቡን ሰማይ አያይም። ለዚያ በኩል የጋያን ዝቅተኛ ጥራት ስፔክትረም ተጠቀሙ። በ5000፣ በ5200 እና በ5500 አንግስትሮም አካባቢ ያለውን ብርሃን በማግኒቲውድ ለኩ፤ ከመካከለኛው ላይ የሁለቱን ዳርቻ አማካይ ቀንሱ። ይህን ቁጥር በዚያው ቀለም ካሉ 20 ወይም 30 ተራ ከዋክብት ጋር አስተያዩ። ከእነሱ ብትንትን 3 እጥፍ በላይ ወደ አዎንታዊ ከወጣ ጎድጓዳው አለ። ያለ ንጽጽር ቁጥሩ ትርጉም የለውም፤ ከሙቀቱ ጋር ራሱ ይለዋወጣልና።

ደረጃ 12፦ መዝግቡ

ቪኤስኤክስን በሚያስተዳድረው የተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር በኤኤቪኤስኦ ነፃ አካውንት ከፍታችሁ በቪኤስኤክስ ቅጽ ታስገባላችሁ። የሚጠየቁት፦ የጋያ መጋጠሚያ፣ ዓይነት፣ ዑደት፣ ኮከቡ ከፍ ብሎ የደመቀበት ጊዜ በሄልዮሴንትሪክ (ከፀሐይ እንደታየ በተስተካከለ) ጁሊያን ቀን፣ የመዋዠቁ ወሰን ከማጣሪያው ስም ጋር፣ የስፔክትረም ምድብና ምንጩ፣ የታጠፈ ግራፍ።

የመዋዠቁን ወሰን በነጥቦቹ መካከል ካለፈው ለስላሳ መስመር ላይ አንብቡ። ከራቁት ነጥቦች ከወሰዳችሁ 0.03 የነበረው 0.12 ይሆንባችኋል፤ ገምጋሚውም ይመልሰዋል። በቴስ የለካችሁትን ወሰን የቪ ማጣሪያ አድርጋችሁ አትጻፉ፤ ቴስ የሚያየው ከ600 እስከ 1000 ናኖሜትር ያለውን ቀይ ብርሃን ነው። ጎረቤት ብርሃን ከተደባለቀም መዋዠቁ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ይህን በማስታወሻው አስፍሩ።

ስፔክትረሙ አጠራጣሪ ከሆነ ከዓይነቱ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:) አድርጉ፤ በመዝገቡ ቋንቋ «እርግጠኛ አይደለንም» ማለት ነው። ዑደቱና ጽናቱ ተረጋግጦ ስፔክትረም ከሌለ ደግሞ «የሚሽከረከር ተለዋዋጭ» የሚለውን ጠቅላላ ዓይነት ምረጡ። ገምጋሚው ጥያቄ ይዞ ሲመለስ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጎረቤቱን ወይም እጥፍ ዑደቱን ነው፤ የደረጃ 4 እና የደረጃ 9 ግራፎችን ከማስገባታችሁ በፊት አዘጋጅታችሁ ብትይዙ መልሱን በዚያው ቀን ትልካላችሁ።